ወንድሜን ለእናቴ ስተረጉም

የወንድሜ እንጀራ በረዶ ላይ እየተንሸራተተ ሰው መግጨት ነበር። ጨዋታው አይስ ሆኪ ይባላል። እሱ ተከላካይ ነበር፤ የሚጫወተውም ካናዳ ነበር። ይህን ሁሉ ጋምቤላ ለምትኖረው እናታችን በኑዌርኛ ማስረዳት ደግሞ የእኔ ፋንታ ሆነ።

ሥራዬም ማስተርጎም ነው። ከጋምቤላ ወጣ ብላ ባለችው ኢታንግ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥሬ እንግሊዝኛውን ወደ ኑዌርኛ፣ ኑዌርኛውን ወደ አማርኛ ሳገላብጥ እውላለሁ። ስብሰባ ላይ ሽማግሌዎቹ ቢሳደቡ እንኳ ስድቡን ሳልጨምር ሳልቀንስ አቀርባለሁ፤ በዚህም ያከብሩኛል። ቤት ውስጥ ግን እንደዚያ አልነበርኩም።

አባታችን ሲሞት እኔ አሥራ አንድ፣ ወንድሜ አምስት ዓመታችን ነበር። የእናቴ ታናሽ እህት ልጅ አልነበራትም። ከባሏ ጋር ወደ ኬንያ ካምፕ ሊሄዱ ሲነሡ፣ «ትንሹን ስጪኝ፣ አንቺ እስክትቆሚ ላሳድግልሽ» አለቻት። እናቴ ሰጠች። ለአንድ ክረምት ነበር የተባለው። ከካምፑ ግን የካናዳ ዕድል ወጣላቸው፤ ልጁም አብሯቸው ሄደ።

የአክስቴ ባል እዚያ ያገኘው የመጀመሪያ ሥራ የበረዶ ሜዳ ባለበት አዳራሽ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ጽዳት፣ ኋላ በረዶውን የሚያለሰልሰውን ማሽን መንዳት። ቤት ውስጥ ልጅ የሚጠብቅ ስለሌለ ወንድሜ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ሰው ረስቶት ከሄደው ዕቃ መሐል ከታቹ ስለት ያለው አሮጌ ጫማ ሰጡት። ስምንት ዓመት ሳይሞላው፣ ሌሎቹ ልጆች ወደ ፊት ከሚሄዱት በላይ እሱ ወደ ኋላ ይፈጥን ነበር። «ተከላካይ ማለት ወደ ኋላ የሚሮጥ ሰው ነው» ብሎኛል አንድ ጊዜ። «ሰውየው እየመጣብህ፣ ዓይንህን ከደረቱ ሳትነቅል፣ ወደ ኋላ ትሮጣለህ።»

የምንደዋወለው እሑድ አመሻሽ ላይ፣ እዚያ ጠዋት ሲሆን ነበር። የወንድሜ ኑዌርኛ አምስት ዓመቱ ላይ ቆሞ ነበር። ውሃ፣ እሳት፣ ላም፣ ና፣ እምቢ፣ አሞኛል። ከዚህ ያለፈውን በእንግሊዝኛ ለእኔ ይነግረኛል፤ እኔ ለእናቴ አቀብል ነበር። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ አማርኛዋም የገበያ ነው።

ሆኪ መጫወት እንደ ጀመረ የሰማን ጊዜ የነበረውን ንግግር አልረሳውም።

«በረዶ ላይ ነው የሚጫወተው» አልኳት።

«ለስላሳ የሚያቀዘቅዙበት በረዶ?»

«አዎ። ግን ሜዳ ሙሉ ነው።»

«ማን አመጣው ያን ሁሉ?»

«ውሃ አፍስሰው በማሽን ያቀዘቅዙታል።»

ጥቂት አሰበችና፣ «እግሩን አይበርደውም?» አለች። ይህን ስተረጉምለት ወንድሜ በጣም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያን ጊዜ ሥራው ቀላል ነበር።

«ተከላካይ» ለሚለው የኑዌርኛ ቃል ሳጣ ከብት የሚጠብቅ ሰው የሚጠራበትን ቃል ሰጠኋት። ደስ አላት። «ጥሩ ሥራ ነው» አለች። «ጠባቂ ያልነካውን ሰው አይነካም።» ልክ አይደለም ብዬ ማረም ነበረብኝ፤ ተውኩት።

ከተማው ውስጥ ያለው ጣጣ ሌላ ነበር። ጋምቤላ የእግር ኳስ ከተማ ናት። ወንድሜ በሃያ ዓመቱ ፕሮፌሽናል ውል ሲፈርም ወሬው ዞረ፤ ሻይ ቤት በገባሁ ቁጥር «ስንት ጎል አገባ?» ይሉኛል።

«ምንም። ተከላካይ ነው።»

«ተከላካይም እኮ በማዕዘን ምት ወጥቶ በጭንቅላቱ ያገባል!»

«ሆኪ ማዕዘን ምት የለውም።»

«ታዲያ ምኑን ኳስ ሆነ?»

ኳስም አይደለም፤ ጠፍጣፋ የጎማ ክብ ነው፣ በዱላ ነው የሚመቱት። ይህን ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ እግዜር ይወቅ። መጨረሻ ላይ ሰለቸኝና፣ «አምስት አግብቷል» ማለት ጀመርኩ። ሁሉም ረካ።

እኔን ግን ያቃጠለኝ የሙያው መንገድ ነው። ወንድሜ የሚጫወተው ከትልቁ ሊግ ሥር ባለው ሊግ ነበር። በየዓመቱ መስከረም ላይ ትልቁ ቡድን ለልምምድ ይጠራዋል፤ ሦስት ሳምንት አብሯቸው ይለፋል፤ የተጫዋቾቹ ስም ዝርዝር ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው «በጣም ጎበዝ ነህ፣ ወደ ታች ተመለስ» ይሉታል። አንድ ጊዜ ቢሆን እሺ። በተከታታይ አራት ዓመት! በመሐሉ ደግሞ ከቡድን ቡድን ይለዋውጡታል። አንድ ማክሰኞ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ፣ ወረፋ ላይ እንደ ቆመ፣ ወደ ሌላ ከተማ ተቀይረሃል፣ ነገ እዚያ ተገኝ ብለው ደወሉለት። ዳቦውን ገዝቶ ሄደ። እሱ ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ ግቢ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስል አመሸሁ። ለማን አቤት ይባላል?

አንድ ጥር ላይ ደወለ። «ትልቁ ቡድን ውስጥ አንድ ተከላካይ ተጎድቷል፤ ጠርተውኛል» አለ።

ላገኘሁት ሁሉ ነገርኩ። በባሮ ወንዝ ድልድይ አቅራቢያ ጥሩ ኢንተርኔት ያለው ሆቴል አለ። ባለቤቱ ከጎሬ በኩል የመጡ ደገኛ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ይተዋወቁ ነበር። «ሕዝቡን ይዘህ ጎህ ሲቀድ ና፤ ቴሌቪዥኑን አገናኝላችኋለሁ። ሻዩ በእኔ» አሉኝ። እዚያ ማታ የሚጀመረው ጨዋታ እኛ ጋ ሲነጋ ነው የሚደርሰው። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ተሰበሰብን። እናቴ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ማንም ሊለየው አልቻለም። ሁሉም የራስ ቁር አጥልቀው፣ ጨርቅና ፕላስቲክ ተጠቅጥቆባቸው፣ አንድ ዓይነት ናቸው። «ቁጥሩን እዩ፣ ቁጥሩን!» እላለሁ። ወንድሜ ገባ፤ አርባ ሴኮንድ ሳይቆይ ወጣ።

«ምን አጠፋ? ለምን አስወጡት?» አለች እናቴ።

«ሁሉም በየደቂቃው ይቀያየራሉ እማ፣ ስለሚደክማቸው ነው።»

«አርባ ቆጥረን ሳንጨርስ ደከመው?» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ።

የጨዋታው ሁለተኛ ክፍል ላይ ግን ተራው መጣ። አንድ ግዙፍ አጥቂ እየበረረ ሲመጣበት ወንድሜ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ፣ እየተንሸራተተ፣ ጥጉ ጋ ሲደርሱ ትከሻውን ሰጠው። ሰውየው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሆቴሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ጮኸ። ከዚያ ምስሉ ቆመ። ጠብቁ የምትለዋ ክብ ምልክት ቴሌቪዥኑ ላይ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘውን ስልክ ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ባለ ሆቴሉ መጥተው የኢንተርኔቱን ሳጥን መቱት። ትንሽ ቆይቶ ጭራሽ መብራቱ ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ፣ ኢንተርኔቱ እስኪመለስ፣ ግማሹ ሰው ወደ ሥራው ሄዶ ነበር። ምስሉ ሲመጣ ሜዳው ባዶ ነው፤ አንድ ማሽን በረዶውን እያለሰለሰ ብቻውን ይዞራል።

እናቴ ማሽኑን ትክ ብላ ስታየው ቆየችና፣ «እቺ ናት የአክስትህ ባል የሚነዳት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እስኪጨርስ ድረስ ተቀምጣ አየች።

አራት ጨዋታ ተጫወተ። የተጎዳው ተከላካይ ዳነ፤ ወንድሜ ወደ ታች ተመለሰ። የሰው መዳን ያናደደኝ በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አልጠሩትም።

እናቴን መዋሸት የጀመርኩት በዚያው ዓመት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ ስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ አግኝታ ለእናቴ አሳየቻት። ወንድሜና አንድ ቀይ ልብስ የለበሰ ሰው ጓንታቸውን ጥለው በቡጢ ይደባደባሉ፤ ዳኞቹም ዳር ቆመው ያያሉ። እናቴ እሑድ ደርሶ እስኪደውል ድረስ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

«ለምን ተደባደብክ በለው» አለችኝ።

ጠየቅኩት። «ጓደኛዬን ከኋላ መቱት» አለ ወንድሜ። «እኔ ካልተነሣሁ ማን ይነሣል? ካልተነሣሁ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ የለኝም። እጄ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። በጣም ያመኛል፤ ንገራት።»

ወደ እናቴ ዞርኩ። ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አፌን ታያለች። «ለተመልካች ብለው የሚያደርጉት ነው፣ ድብድብ አይደለም። ምንም አልሆነም» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «በደንብ ይብላ በለው።»

ይህን በትክክል ተረጎምኩለት። በደንብ ብላ ትላለች አልኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። «አለሁ» አለ።

የደም ግፊት አለባት ብዬ ነው የዋሸኋት። ሰው ቢጠይቀኝ የምለው ይህን ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ሳምንቱን ሙሉ ኢታንግ የሰው መከራ ስተረጉም እሰነብታለሁ፤ እሑድ አመሻሽ ላይ የእናቴን ልቅሶ መስማት አልፈለግኩም።

አንዴ ከተጀመረ ይቀላል። አንድ አጥቂ ክርኑን የወንድሜ አገጭ ላይ አሳርፎ ከግድግዳው ጋር ሲያላትመው፣ አንጎሉ ተናውጦ አሥር ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኛ። «ደክሞታል፣ እረፍት ሰጡት» አልኳት። በሁለተኛው ምት የሚኖርበት መንገድ ስም ጠፋበት፤ ሱፐርማርኬት ገብቶ የመብራቱ ድምቀት አስመለሰው። «ጉንፋን ይዞታል» አልኳት። «ሙቅ ነገር ይጠጣ» አለች። ይህንንም ቃል በቃል ነገርኩት። በስልክ የሚያወራበት ጊዜ እያጠረ መጣ። ብዙ እሑድ ጭራሽ አይደውልም ነበር። እናቴ፣ «ትልቅ ሰው ሆነ፣ ረሳን» ትላለች። እኔም በእሱ እናደድ ነበር።

በሦስተኛው ምት ቡድኑ ለወራት አሳረፈው፤ እሱም እናቴን ልይ ብሎ መጣ። ከሄደ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። የመጣው ደግሞ ሙቀቱ በሚያይልበት በመጋቢት ነው። ከአገር ሁሉ፣ ከወር ሁሉ፣ የተናወጠ አንጎል ይዞ በመጋቢት ጋምቤላ! ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ላዩ ላይ ኮፍያ ደፍቶ፣ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ነበር። እናቴ ደረቱ ጋ ነው የምትደርሰው። ጎንበስ አለላት። ፊቱን በሁለት መዳፏ ይዛ አጥንት አጥንቱን ዳበሰችው።

ቤታችን ቆርቆሮ ነው። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ቸነከርኩለት። ሙቀቱን እንኳ ይችለው ነበር፤ ድምፁን ግን አልቻለም። የጎረቤት ጄኔሬተር፣ የባጃጅ ጡሩምባ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ። ከሁሉ የባሰው ዘመድ ነው። ከኢታንግ፣ ከድንበሩ ማዶ ሳይቀር እየዘፈኑ መጡ። ሴቶቹ እልል ሲሉ ወንድሜ ራሱን በሁለት ክንዱ ጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። በር ላይ ቆሜ «መንገዱ አድክሞት ነው፣ ነገ ኑ» እላለሁ። በነጋታውም «ነገ ኑ» አልኩ። አንድ አጎታችን ቅር ብሎት፣ «ፈረንጆቹ ኩራት አስተምረው ላኩልን» እያለ ሄደ። ምን ልበለው? እውነቱን ብነግረው በዚያኑ ማታ እናቴ ትሰማለች።

በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ። በረንዳው ላይ ቆምኩ። እናቴ ውሃ ይዛ ገብታ አጠገቡ ተቀምጣለች። ወንድሜ በዚያ በአምስት ዓመት ልጅ ኑዌርኛው ይነግራታል።

«ራስ ታመመ። ብዙ ታመመ። ሰው መታ፣ ራስ ወደቀ። አንድ። ሁለት። ሦስት።»

«መቼ?» ትላለች። ቃሉን አላወቀውም። ደገመችለት፤ አሁንም አላወቀውም። ከዚያ ጠራችኝ። በረንዳው ላይ መሆኔን አውቃ ኖሯል።

ገባሁ። ቁና ቁና ነው የምትተነፍሰው።

«ጉንፋን ነው አላልከኝም?»

«እማ፣ ግፊትሽ ስላለ…»

«ግፊቴን ተወው። ጉንፋን ነው አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«እጁስ? ጠባሳውን አየሁት።»

«ተሰብሮ ነበር።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ብትመታኝ እመርጥ ነበር። «አሁን የምልህን ንገረው» አለች። «በሥራህ ለነጮቹ እንደምትናገረው። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። አባትህን በቀበርኩበት ዓመት በገዛ እጄ ሰጠሁህ በለው። ያን ቀን ስህተት ሠራሁ። ይህን ራስ የወለድኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ጊዜ ጥየዋለሁ፤ ሁለተኛ አልጥለውም። ጨዋታው ይብቃህ በለው።»

ተረጎምኩለት። አንድም ቃል አላጎደልኩም። ወንድሜ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ደም ለብሷል። ለእሷ መልስ አልሰጠም፤ ወደ እኔ ዞሮ በእንግሊዝኛ፣ «ምን ማለቷ ነው? አታውቅም ነበር?» አለኝ።

«አልነገርኳትም።»

«የትኛውን?»

«የትኛውንም።»

መልሱን ቶሎ አላመጣውም። ድሮም ፈጣን ተናጋሪ አልነበረም፤ ከምቱ ወዲህ ደግሞ ቃላት ፈልጎ ነው የሚያገኛቸው። «እጄ ሲሰበር ነገርኳችሁ፤ በደንብ ብላ አለች» አለ። «የቤቴ መንገድ ሲጠፋብኝ ነገርኳችሁ፤ ሙቅ ጠጣ አለች። እኔ እኮ እናቴ ድንጋይ ናት ብዬ ነበር። መጀመሪያም የሰጠችኝ ለዚህ ነው፣ ግድ ስለሌላት ነው እያልኩ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ።»

እናቴ፣ «ምን ይላል?» አለች።

ይህንንም ተረጎምኩ። በሥራዬ ብዙ ከባድ ነገር ተርጉሜያለሁ፤ የሰው ሞት፣ የሰው ቤት መቃጠል። እንደዚያ ያለ ዓረፍተ ነገር ግን አፌ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። እናቴ ሰማችው፤ ተነሥታ ሄዳ ራሱን ደረቷ ላይ አስደገፈችው። እኔን አላየችኝም።

ይህ ሁሉ ሆኖም ጨዋታውን አልተወም። ያናደደኝም፣ ዛሬ ድረስ የሚያናድደኝም ይህ ነው። ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴ መልሱን ጠየቀችው።

«ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ሌላ የማውቀው ነገር የለም» አለ። «ሁለት ዓመት ስጪኝ በላት።»

«ሁለት ዓመት ምን ለማድረግ?»

«ወደ ትልቁ ሊግ አንድ ጊዜ ለመመለስ።»

«አራት ጊዜ ገብቶ የለም እንዴ? አምስተኛው ምን ይጨምርለታል?»

ተረጎምኩ። ሳቀ። እኔ በራሴ ስም፣ አስተርጓሚነቴን ትቼ፣ ለመንኩት። «አንተ» አለኝ፣ «አንተ አሁን ምንም አትበለኝ።» ትክክል ነበር።

ሄደ። የቡድኑ ሐኪም መጫወት አይፈቀድለትም ብሎ የጤና ወረቀቱ ላይ ሳይፈርም ቀረ፤ ቡድኑም አሰናበተው። እሱ ግን አውሮፓ ውስጥ ብዙ የማይጠይቅ ትንሽ ቡድን ፈልጎ አገኘ። አንድ የውድድር ዘመን ተጫወተ። ያስቆመውም ተጋጣሚ አይደለም፤ አንድ ጠዋት ልምምድ ላይ የራሱ ጓደኛ ሳያየው ገጨው። ቀላል ግጭት ነበር አለ። ተነሥቶ የልብስ ክፍሉን በር ሲፈልግ አጣው። ግድግዳውን ተከትሎ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞረ። ከዚያ ጫማውን ፈታ። የስንብት ጨዋታ የለም፣ አበባ የለም፣ በጋዜጣ አንድ መስመር የለም። አሁን ካናዳ በአንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ጓዳ ውስጥ የሆኪ ጫማ ስለት ይስላል። መብራቱ ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ይስማማዋል።

ዛሬም እሑድ እሑድ ይደውላል፤ እኔ ግን ከመሐል ወጥቻለሁ። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳለች። ወንድሜም አክስቴ ጋ እየሄደ ኑዌርኛ መማር ጀምሯል። እናቴ በቀስታ፣ ቃል በቃል፣ ለሕፃን እንደሚነገር ትነግረዋለች። እኔ ውጭ የኒም ዛፉ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። ሁሉንም እሰማለሁ፤ አንዱ የሌላውን ቃል ሲያጣም እሰማለሁ፤ አልገባም።

ባለፈው እሑድ፣ «ዝናብ መጣ?» ብሎ ጠየቃት።

«መጣ። ባሮ ሞልቷል» አለችው።

ስለ ላሟ አወራችለት፣ ስለ ጣራው። ትንሽ ቆየና እንደገና፣ «ዝናብ መጣ?» አላት።

ተነሣሁ። በሩ ጋ ደረስኩ። «አሁን ነግረሽዋል እኮ፣ ረሳው መሰለኝ» ልላት ነበር። ፊቷን ሳታዞር መዳፏን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«መጣ» አለችው፣ በዚያው ድምፅ። «ባሮ ሞልቷል።»